ጎተራውን ሳንሸከም

በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የመጀመሪያው ዓመት የሚነገረን ሁሉ ስለ ሰው ነው፤ ማዳመጥ፣ በክብር ቤት መግባት፣ የቀረበውን ቡና ሳይቸኩሉ መጠጣት። ስለ ዳታቤዝ የሚነግረን የለም። ሆኖም የምናዳምጣቸው ሰዎች ታሪክ ዛሬ በአብዛኛው የሚቀመጠው በኮምፒውተር ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሚልጋው የማይሸፍነውን ኪራይ ለመክፈል የምርምር ረዳት ሆነን ስንቀጠር፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠን ሥራ ከዚያ ማኅደር መረጃ ማውጣት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማወራው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ነው፤ ከትልቅ ዳታቤዝ ብዙ መረጃ ስንጠይቅ የራሳችን ኮምፒውተር ሜሞሪ ምን እንደሚሆንና እንዴት እንደምንቆጣጠረው። ነገሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ሳይኮሎጂ፣ ትምህርት፣ ነርስነት ወይም የሕዝብ ጤና የምታጠኑ ሁሉ አንድ ቀን ትገናኙታላችሁ። ወላጆቻችንንም ይመለከታል፤ በየረድፉ ተጽፈው የተቀመጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸውና።

ሥራው

ባለፈው ዓመት ከትምህርቴ ጎን ለጎን ለአረጋውያን አገልግሎት በሚሰጥ አንድ ማኅበር ውስጥ በሰዓት ክፍያ መሥራት ጀመርኩ። ማኅበሩ በየከተማው ቅርንጫፎች አሉት። ከሚያገለግላቸው ሰዎች መካከል በ1984 መጨረሻ በተጀመረው የሙሴ ዘመቻና በሜይ 1991 በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻ የመጡ፣ ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ሲባል በአንዳንድ ቅርንጫፎች ሜጋሼር ተቀጥሯል፤ በቤተሰቡና በማኅበሩ መካከል እንደ ድልድይ የሚቆም፣ አማርኛም ትግርኛም የሚችል፣ ደብዳቤ የሚያነብ፣ ቀጠሮ የሚያስታውስ ሰው።

የበጀት ኮሚቴው የሜጋሼሮቹን የሥራ መደብ ለማስቀጠል ወይም ለመዝጋት ሊወስን ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ኃላፊዬ የሰጠችኝ ጥያቄ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ነበር። አንድ አረጋዊ ለእርዳታ ከተመዘገበበት ቀን እስከ መጀመሪያው የቤት ጉብኝት ስንት ቀን ያልፋል? ሜጋሼር ባለበትና በሌለበት ቅርንጫፍ ልዩነት አለ? ጉብኝት ሲሰናከልስ ምክንያቱ ምን ተብሎ ተጻፈ?

መረጃው ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነበር። የአሥር ዓመት የስልክ ጥሪ፣ ጉብኝትና ደብዳቤ ሁሉ ከነማስታወሻው፤ በጠቅላላው ወደ ሦስት ሚሊዮን ረድፍ። ከእኔ በፊት የነበረ ሠራተኛ ትቶት የሄደ፣ በፓይተን የተጻፈ ኮድ ተሰጠኝና «ይህን አስኪጂው፤ ሁሉንም ያወጣልሻል» ተባልኩ። የኮዱ ትእዛዝ ባጭሩ «ከሠንጠረዡ ሁሉንም ዓምድ፣ ሁሉንም ረድፍ አምጣ» የሚል ነበር።

ከማኅበሩ የተሰጠኝ ላፕቶፕ ስምንት ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ኮዱ ተነሣ። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልታየም። ከዚያ የማውሱ ቀስት መጎተት ጀመረ፣ መስኮቶቹ ነጭ ሆኑ፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ሜሞሪ አለቀ የሚል መልእክት አውጥቶ ተዘጋ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

በመሥሪያ ቤቱ የተሰጠኝ ምክር «ኮምፒውተሩ ደካማ ነው፤ ጠንካራ ይገዛ» የሚል ነበር። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም፤ ሁለት ሳምንቱም እየሄደ ነው። ኃላፊዬ «መረጃው ካልወጣ ያለ ቁጥር እንገባለን» አለችኝ። ያለ ቁጥር ወደ በጀት ስብሰባ መግባት ምን እንደሚያመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። «አስፈላጊ ናቸው» ብሎ መናገር ሁሉም ክፍል የሚያደርገው ነው፤ የሚቆረጠውም መጀመሪያ ማስረጃ የሌለው ነው።

የሞላው የማን ሜሞሪ ነው?

በተማሪዎች ማኅበራችን የጥናት ክፍል አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አለ። ነገሩን ስነግረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «የሞላው የማን ሜሞሪ ነው? የሰርቨሩ ነው ያንቺ?»

ዳታቤዙ የሚኖርበት ማሽን ሰርቨር ይባላል። ጥያቄውን የሚልከው በእኛ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ ክላይንት ይባላል። ሰርቨሩ ከሜሞሪው በላይ የሆነ መረጃ በዲስክ ይዞ በቁራጭ በቁራጭ ለማንበብ የተሠራ ስለሆነ ሦስት ሚሊዮን ረድፍ አያስጨንቀውም። ጭንቀቱ የሚመጣው መልሱ ወደ ክላይንቱ ሲደርስ ነው። ከፖስትግሬስ ጋር የሚያገናኘው ሊብፒኪው የተባለው ላይብረሪ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ የጥያቄውን መልስ በሙሉ በክላይንቱ ሜሞሪ ውስጥ ያከማቻል። የመጀመሪያውን ረድፍ ለፕሮግራማችን የሚሰጠው የመጨረሻው ከደረሰ በኋላ ነው። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝም የተለመደው አሠራር ተመሳሳይ ነው። ለትንሽ ጥያቄ ይህ ጥሩ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ሰርቨሩም ቶሎ ነፃ ይወጣል። ለትልቅ ጥያቄ ግን ሸክሙ ሁሉ በደካማው ማሽን ላይ ይወድቃል።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። አንድ ረድፍ ከነማስታወሻው በአማካይ ሁለት ሺህ ባይት ነበር። ሦስት ሚሊዮን ሲባዛ በሁለት ሺህ፣ ስድስት ጊጋባይት። ከስምንቱ ጊጋባይት ውስጥ ደግሞ ዊንዶውስና ብሮውዘሩ ጥሩ ድርሻ ቀድመው ይዘዋል። ይህም ገና መጀመሪያው ነው። ላይብረሪው የያዘውን ሳይለቅ ፓይተን እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ራሱ መልክ ይገለብጠዋል። በዳታቤዙ ውስጥ አራት ባይት የሚይዝ ቁጥር በፓይተን ውስጥ 28 ባይት ይይዛል። ከዚያ ፓንዳስ ወደሚባለው ሠንጠረዥ ሲገባ ሌላ ቅጂ ሊጨመር ይችላል። እንግዲህ 16 ጊጋባይት ያለው ኮምፒውተር ተገዝቶም ቢሆን ማለፉ እርግጠኛ አልነበረም።

ስለ ፊደላችንም በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር አወቅሁ። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የተለመደ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ አንድ የዕብራይስጥ ፊደል ሁለት ባይት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። እርግጥ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃሉ አጭር ነው። ቢሆንም አንድ ሜጋሼር በአማርኛ የጻፈው ሰባት መቶ ፊደል ያለው ማስታወሻ ከሁለት ሺህ ባይት ያልፋል። ከሠንጠረዡ ዓምዶች ሁሉ የከበደውም ይኸው የማስታወሻ ዓምድ ነበር።

እናቴ እንደተረዳችው

እናቴ ማንበብ የተማረችው እዚህ አገር በኡልፓን ነው። ኮምፒውተር አትነካም። በዚያ ሳምንት አንድ ማታ ከላፕቶፑ ጋር ተፋጥጬ ስታየኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ምን ሆነብሽ?»

«ብዙ መረጃ ባንዴ አምጣ ይሉታል፣ ከዚያ ይጨናነቃል እማዬ።»

«መረጃው የት ነው ያለው?»

«ሌላ ቦታ፣ ትልቅ ማሽን ውስጥ።»

«አንቺ የምትፈልጊው ምኑን ነው?»

«ሰዎቹ ስንት ቀን እንደጠበቁ መቁጠር። ከማስታወሻው ደግሞ አንዳንድ ቃል መፈለግ።»

ሳቀች። «እህል ለማስፈጨት ጎተራውን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የሚሄድ የት አለ? በቁና ሰፍረሽ፣ በስልቻ ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ሲያልቅ ትመለሻለሽ። ስንት ቁና እንዳለ ብቻ ማወቅ ከፈለግሽ ደሞ እዚያው ጎተራው ጋ ትሰፍሪያለሽ እንጂ ምን ያንከራትትሻል?»

ከዚያ በኋላ ያነበብኳቸው የመመሪያ ገጾች ሁሉ የሚሉት ከዚህ አይርቅም። ሁለት መንገድ አለ፤ እዚያው ጎተራው ጋ መቁጠርና በቁና ሰፍሮ ማምጣት።

እዚያው ጎተራው ጋ መቁጠር

ከሁሉ አስቀድሞ መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ ኤክስፕሌይን የሚባል ትእዛዝ አለው። በጥያቄያችሁ ፊት ስታስቀምጡት ጥያቄውን ሳያስኬድ ስንት ረድፍ እንደሚመጣና አንዱ ረድፍ በአማካይ ስንት ባይት እንደሚሆን ግምቱን ይነግራችኋል። ሁለቱን አባዙ። ውጤቱ በኮምፒውተራችሁ ካለው ባዶ ሜሞሪ ከተቀራረበ ጥያቄውን አትላኩት። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ ዓምዶቹ ናቸው። «ሁሉንም አምጣ» የሚለው የኮከብ ምልክት ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የእኛ ሠንጠረዥ ከአርባ በላይ ዓምድ ነበረው፤ ስልክ፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ የሕመም ዓይነት። ለጥበቃው ቀን ጥያቄ የሚያስፈልጉት አምስት ብቻ ነበሩ፤ የፋይሉ ቁጥር፣ ቅርንጫፉ፣ የአገልግሎት ቋንቋው፣ የተመዘገበበት ቀንና የመጀመሪያው ጉብኝት ቀን። ማስታወሻው ሲቀር ብቻ አንዱ ረድፍ ከሁለት ሺህ ባይት ወደ ጥቂት አሥር ባይት ወረደ።

ሦስተኛው ቆጠራው ራሱ ነው። ቀኖቹን አምጥቼ በላፕቶፑ ላይ የምቀንስበትና የምደምርበት ምክንያት የለም፤ ሰርቨሩ ያን ያውቃል። ግሩፕ ባይ በሚለው ትእዛዝ ረድፎቹን በዓመት፣ በቅርንጫፍና በአገልግሎት ቋንቋ መደብናቸው። አማካይ ከመውሰድ ይልቅ መሀል ላይ የሚውለውን ሰው የጥበቃ ቀን፣ ማለትም ሜድያኑን ወሰድን። ምክንያቱም አንድ ሰው ለልጁ ሠርግ ውጭ አገር ሰንብቶ ጉብኝቱ ቢዘገይ አማካዩን ያለ አግባብ ይጎትተዋል፤ ሜድያኑን ግን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም። ፖስትግሬስ ለዚህ ፐርሰንታይል ኮንት የሚባል ፋንክሽን ስላለው ይህም እዚያው ተሠራ።

አሥር ዓመት፣ አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ፣ ሁለት ምድብ፤ አማርኛ ተናጋሪና ሌላ። ወደ ላፕቶፔ የመጣው መልስ 240 ረድፍ ነበር። ሦስት ሚሊዮኑ ረድፍ ከቤቱ አልወጣም። አንድ ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሩን ያስቆመው ጥያቄ ቡና ሳይፈላ ተመለሰ።

በቁና ሰፍሮ ማምጣት

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ጉብኝቱ ለምን ተሰናከለ የሚለው፣ በዚህ መንገድ አልተመለሰም። መልሱ በማስታወሻዎቹ ጽሑፍ ውስጥ ነበር። ጽሑፉን ደግሞ ሰርቨሩ እኛ እንደምናነበው አያነበውም። አንዱ ሜጋሼር «ሐኪም» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀኪም»። አንዱ «ዓይን» ይላል፣ ሌላው «አይን»። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያየ ነው። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚመልስ አጭር ኮድ በፓይተን ጻፍኩ። ያ ማለት ማስታወሻዎቹ አንድ በአንድ በላፕቶፔ ማለፍ አለባቸው ማለት ነው። ማለፍ ግን መከማቸት አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ከርሰር የሚመጣው። ከርሰር መልሱ የት እንደደረሰ የሚያመለክት ምልክት ነው። በሰርቨሩ በኩል ከተቀመጠ መልሱ እዚያው ይጠብቃል፤ እኛ «የሚቀጥለውን አምጣ» ባልን ቁጥር የተወሰነ ረድፍ ብቻ ይልካል። ሳይኮፒጂ-2 በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ለከርሰሩ ስም ከሰጣችሁት በሰርቨሩ በኩል ይቀመጣል፤ ስም ካልሰጣችሁት መልሱ ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው። ስም ያለውን ከርሰር በተራ ስታነቡት፣ መጠኑን ካልቀየራችሁት በቀር፣ ሁለት ሺህ ሁለት ሺህ ረድፍ ያመጣል። ሁለት ሺህ ረድፍ ሲባዛ በሁለት ሺህ ባይት አራት ሜጋባይት ነው፤ ከአንድ የስልክ ፎቶ ብዙም አይበልጥም። ሦስት ሚሊዮኑ በ1,500 ምልልስ ያልቃል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ላፕቶፑ አንድ ቢሆንም ሸክሙን በ1,500 ስንከፍለው ጌጥ ሆነለት።

ሦስት ቦታ ላይ ግን ልብ በሉ፤ ከውጭ ሲታይ በቁና የሚሰፍር የሚመስል፣ ውስጡ ግን ጎተራውን የሚሸከም ኮድ ብዙ አለ።

አንደኛው፣ ፌችሜኒ የሚባለው ትእዛዝ ነው። «አንድ ሺህ ረድፍ ስጠኝ» ይላል። ከርሰሩ ስም ከሌለው ግን መልሱ ሁሉ ቀድሞ ወደ ሜሞሪያችሁ ገብቷል፤ አንድ ሺሁ የሚሰጣችሁ ከዚያው ከራሳችሁ ክምር ተቆንጥሮ ነው።

ሁለተኛው፣ ፓንዳስ ውስጥ ያለው ቻንክሳይዝ የሚባለው ምርጫ ነው። ሠንጠረዡን በክፍል በክፍል ይሰጣችኋል። በሥሩ ያለው ግንኙነት በክፍል እንዲያመጣ ካልታዘዘ ግን ትርፉ ግማሽ ነው። ኤስኪውኤል አልኬሚ በሚባለው ላይብረሪ በኩል የምትገናኙ ከሆነ ስትሪም ሪዘልትስ የሚለውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይቀላል፤ ክፍል በክፍል እያመጡ ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ላይ መደመር። በቁና ሰፍሮ አምጥቶ ቤት ውስጥ ሌላ ጎተራ መሥራት ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገውን ቆጥራችሁ የቀረውን ልቀቁት።

ማይኤስኪውኤል ለምትጠቀሙ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ስሙ ይለያያል። በፓይተን ኤስኤስከርሰር የሚባለውን መምረጥ፣ በትእዛዝ መስኮቱ ደግሞ ክዊክ የሚለውን ምርጫ መጨመር ነው። በዚህ መንገድ ስትሠሩ የጀመራችሁትን መልስ አንብባችሁ ሳትጨርሱ በዚያው ግንኙነት ሌላ ጥያቄ መላክ አይቻልም።

በቁና መስፈርም ዋጋ አለው። ከርሰሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ በሰርቨሩ በኩል የተጀመረው ትራንዛክሽን አይዘጋም፤ ለረጅም ሰዓት ከተተወ ሰርቨሩ ያረጁ ረድፎችን እንዳያጸዳ ያግዳል። ስለዚህ ከርሰር ከፍቶ ለምሳ መውጣት ነውር ነው። ግንኙነቱ የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆናችሁ ሌላ መንገድ አለ። ረድፎቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አድርጋችሁ «ከመጨረሻው ካየሁት ቁጥር በላይ ያሉትን አሥር ሺህ ስጠኝ» እያላችሁ ጠይቁ። ቢቋረጥ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ኦፍሴት በሚባለው «ይህን ያህል ዝለል» በሚለው ትእዛዝ መሥራት ግን ወደ መጨረሻው እየከበደ ይሄዳል፤ ሰርቨሩ የሚዘለውንም ረድፍ መቁጠር አለበትና።

የእኔ ኮድ በዚህ መልኩ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። ታስክ ማናጀርን ከፍቼ እያየሁት ነበር፤ ሜሞሪው ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያለ በአንድ ቦታ ቆየ። ያው ስምንት ጊጋባይት ላፕቶፕ።

የማን ማስታወሻ ነው?

እስካሁን ስለ ባይት ነው ያወራሁት። ለእኔ እንደ ማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ።

ሜሞሪ ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተወሰነውን ክፍል ወደ ዲስክ ያወጣዋል። የሚንፏቀቀውም ለዚህ ነው። ያ ወደ ዲስክ የወጣው ነገር በእኛ ሁኔታ የሰዎች ስም፣ ሕመም፣ ከልጆቻቸው ጋር የተጣሉበት ታሪክ ነው። ዲስኩ ካልተመሰጠረ፣ ላፕቶፑ ደግሞ በአውቶቡስ ላይ ከተረሳ፣ ያ ሁሉ አብሮ ሄደ። ኮዱ ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ በዳውንሎድ ማኅደር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ የሚያስታውሰውም የለም።

የእስራኤል የግላዊነት ጥበቃ ሕግ ከ1981 ጀምሮ ያለ ነው፤ በኦገስት 2025 ሥራ ላይ የዋለው 13ኛው ማሻሻያም የጤና መረጃን የመሰለውን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ወገን ያስቀምጠዋል። ለእኛ ግን ሕጉ ከመድረሱ በፊት ይሉኝታው ይደርሳል። አንዲት እናት ለሜጋሼሩ «ልጄ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግር» ብለው የነገሩት ነገር በማስታወሻው ውስጥ አለ። እኔ ስንት ቀን እንደጠበቁ ለመቁጠር ያን ቃላቸውን ወደ ቦርሳዬ መውሰድ አያስፈልገኝም። አምስት ዓምድ ብቻ ስጠይቅ ሜሞሪ ቆጠብኩ፤ ያላስፈለገኝን ምሥጢራቸውንም ሳልነካ ቀረሁ። በትምህርታችን ስለ ደንበኛ ክብር የምንማረው በጥያቄው አጻጻፍ ላይ እንዲህ ይታያል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቁጥር ብቻ ሲሆንም ሰው ይታወቃል። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ዓመት የተመዘገቡ ሁለት አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን ብቻ ካሉ፣ ስም ባይጻፍም ሠንጠረዡን ያየ የከተማው ሰው ማን እንደሆኑ በአንድ አፍታ ያውቃል። ስለዚህ ከአምስት ሰው በታች የሆነውን ሁሉ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ጋር አጣመርነው። ይህም በሰርቨሩ በኩል ተደረገ፤ ትንንሾቹ ቁጥሮች ወደ እኔ እንኳ አልመጡም።

ስብሰባው

ሠንጠረዡ ለስብሰባው ደረሰ። ሜጋሼር ባሉባቸው ቅርንጫፎች የአማርኛ ተናጋሪዎቹ የጥበቃ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር የተቀራረበ ነበር፤ በሌሉባቸው ረዘም ይል ነበር። ሁሉም ግን እንደጠበቅነው አልወጣም። በሁለት ቅርንጫፎች ሜጋሼር እያለ ጥበቃው ረጅም ነበር። ወደ ማስታወሻዎቹ ስንመለስ ምክንያቱ ታየ፤ አንዲት ሜጋሼር ሁለቱንም ከተማ በሩብ መደብ ትሸፍን ነበር። ከተሰናከሉት ጉብኝቶች በብዙዎቹ ላይ የተጻፈውም ሰው አለመኖሩን ሳይሆን በስልክ አለመግባባትን ነበር።

ይህ ሁሉ ሜጋሼሩ ብቻ ልዩነቱን እንዳመጣ አያረጋግጥም፤ ቅርንጫፎቹ በሌላም ነገር ይለያያሉ። ኃላፊዬም ለኮሚቴው ይህንኑ በግልጽ ተናገረች። ኮሚቴው መደቦቹን ለአንድ ዓመት አራዘመና በዓመቱ ቆጠራው እንዲደገም ጠየቀ። የተሟላ ድል አይደለም። ሆኖም ጉዳዩ ከ«አስፈላጊ ናቸው» ወደ «ይኸው» ተሻግሯል። ዘንድሮ ያንኑ ቆጠራ የሚደግመው ያው ኮድ፣ በያው ላፕቶፕ ነው።

ለእኅትና ወንድሞቼ

አብዛኞቻችን ከቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኡኒቨርሲታ የገባን ነን። አንድ ማሽን ሲቆምብን «ይህ ለእኛ አይደለም» ወይም «ገንዘብ ያለው ይሥራው» ብለን ቶሎ የምናፈገፍግ ብዙዎች ነን። አንዳንዴ እውነትም ገንዘብ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያስፈልገው የጎደለውን አንድ ነገር የሚነግረን ሰው ነው። ስለዚህ እናንተም ትልቅ ጥያቄ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን አምስት ነገሮች ጠይቁ።

ስንት ረድፍ ነው፣ አንዱስ ስንት ባይት ነው? የትኞቹን ዓምዶች በእርግጥ እጠቀማለሁ? ቆጠራውን ሰርቨሩ ሊሠራው ይችላል ወይ? ረድፎቹ የግድ ወደ እኔ መምጣት ካለባቸው፣ ላይብረሪዬ በክፍል ያመጣል ወይስ ሁሉንም ይሰበስባል? ሥራዬን ስጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ይቀራል?

ለአራተኛው ጥያቄ መልሱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ማየት ነው። ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ኮዱን አስነሡ። ሜሞሪው ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ እየተከማቸ ነው፤ አቁሙት። በአንድ ከፍታ የሚቆይ ከሆነ እየፈሰሰ ነው፤ ተዉት ይሥራ።

ለወላጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ የአንድ ማኅበር ወይም የአንድ ክሊኒክ መረጃ ላይ እንደሚሠራ ሲነግራችሁ፣ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ጠይቁት። ጥያቄው የእናንተ ነው፤ ማስታወሻውም የእናንተ ነው። እናቴ ጠይቃኝ በመመለሴ ሥራዬን ይበልጥ ተረድቼዋለሁ።

ኮዱን ከማንም ሰው መረጃ የጸዳ፣ በሐሳብ በተሠራ ሠንጠረዥ የሚሠራ አድርጌ በጥናት ክፍላችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሞክሼ ፊደላቱን የሚያስተካክለው ክፍልም አብሮ አለ። በአማርኛ የተጻፈ መረጃ ላይ የምትሠሩ ውሰዱት፤ የጎደለው ፊደል ካለ ጨምሩበት። መልካም የፈተና ወቅት ይሁንላችሁ።